ግማሽ ዙር

የሞተሩ የመጀመሪያ ካንዴላ በሁለት ጣቴ ተፈታ።

ቁልፉን ገና ደገፍ ከማድረጌ ነው እሺ ብሎ የዞረው። እኔ ደግሞ ለእልኸኛ ብሎን ቁልፉን የማስረዝምበትን የብረት ቱቦ ይዤ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ለትግል ነበር የመጣሁት። ሠላሳ አንድ ዓመት የቆመ ሞተር ካንዴላው ተሰብሮ ይወጣል እንጂ እንደ ጠርሙስ ክዳን አይከፈትም።

"ሞታለች አይደል ጋሼ?" አለ የቤቱ ልጅ ከጋራዡ በር ላይ። ውጭ፣ መኪናዋን ለቁርጥራጭ ብረት ሊወስድ የመጣው የጭነት መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል።

"ቆይ እስቲ" አልኩት።

ትናንት በስልክ ሬሳ ናት ብዬ ፈርጄለት ነበር፣ ሳላያት። "ባለ ጆሮው" ይሉኛል፤ ድምፁን ሰምቼ የሞተር በሽታ የምናገር፣ በአርባ ዓመት ሥራዬ ተሳስቼ አላውቅም እያልኩ የምፎክር ሰው ነኝ። ልጁ ሊያገባ ነው፤ ጋራዡን አፍርሶ ሁለት ክፍል ሊሠራበት ይፈልጋል። እናቱ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉት፦ "ባለ ጆሮው በእጁ ነክቶ ሞታለች ካለ ይውሰዷት።" እኔም የመጣሁት ለደንቡ ያህል ነው። ነካ አድርጌ፣ ከንፈሬን መጥጬ ልሄድ።

መኪናዋ ጣልያን ሥሪት ናት፤ ዝቅ ያለች፣ ባለ ሁለት ወንበር። በወጣትነቴ እንዲህ ያለችው ስታልፍ የያዝኩትን ጥዬ መንገድ ዳር እወጣ ነበር። አሁን ጎማዎቿ መሬት ላይ ተነጥፈዋል። ወንበሯ ላይ አይጥ ወልዳበታለች። ቀዩ ቀለሟ አቧራ ጠጥቶ ሸክላ መስሏል። ከላይ የሚታየው ሁሉ በስልክ ያልኩትን ይመሰክርልኛል።

ሁለተኛው ካንዴላም ወጣ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። የአንዱን ጫፍ በጣቴ ጠረግ አድርጌ ወደ ብርሃኑ ያዝኩት። ዘይት ነው። ያልጠቆረ፣ ያልረጋ፣ ንጹሕ ዘይት። አሸተትኩት፤ አዲስ ነው።

ከሞተሩ ፊት ባለው ትልቅ ብሎን ላይ ቁልፌን አገባሁ። ቱቦውን ልጨምር ብዬ አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። በአንድ እጄ ሳብ አደረግኩ።

ዞረ።

ሳይንቋቋ፣ ሳያንገራግር ዞረ። ፒስተኖቹ ወጥተው ሲወርዱ በቀዳዳዎቹ አየር እፍ አለና ፊቴን ነካኝ። የተኛ ሰው ትንፋሽ ነው የሚመስለው። ዕድሜዬን ሙሉ ሞተር ስፈታ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ወገቤን ይዤ ቀና አልኩ።

"ይሄን ማነው የሠራው?" ድምፄ ለራሴም አነሰኝ።

"ማን ይነካታል ጋሼ?" አለ ልጁ። "እማዬ እንኳ ጣውንቴ ነው የምትላት።"

"ጣውንቴስ ናት" አሉ እናትየው። ግድግዳውን ተደግፈው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። "ባለቤቴ እሷን ሲያጥብ ነበር የሚውለው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "የሠራሁት እኔ ነኝ። አንተው አይደለህ እንዴ ያልከኝ?"

"እኔ?"

"ባለቤቴ የታመመ ጊዜ ጋራዥህ መጥቼ። ከመኪና ሥር ተኝተህ ነበር። እሱ እስኪሻለው እንዳትበላሽ ምን ላድርግ አልኩህ። 'በየወሩ በካንዴላው ቀዳዳ ዘይት ጠብ አርጊ፣ ሞተሩን ግማሽ ዙር አዙሪው፤ እኔም ሰሞኑን ብቅ እላለሁ' አልከኝ።"

ፊታቸውን ላስታውስ ሞከርኩ፤ የለም። ከመኪና ሥር ሆኜ ያየሁት ጫማቸውን ብቻ ይሆናል። ያንን ምክር በዚያ ዘመን ለስንቱ ሰጥቼዋለሁ። ቶሎ እንዲሄዱልኝ የምወረውረው ነገር ነበር፤ የሚያደርገው ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሰሞኑን ማለቴም ትዝ አይለኝም፣ ግን አፌን አውቀዋለሁ፣ ብያለሁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉት ይሄ ነው። አፈርኩ።

"እሳቸው ግን አርፈዋል እኮ" አልኩ።

"ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ።" ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። "እንግዲህ አቁሚ ያለኝ የለም።"

ልጁ እናቱን ዛሬ እንደተዋወቃቸው ሁሉ አፍጥጦ ያያቸዋል። "መቼ ነው የምታደርጊው?"

"አንተ ትምህርት ቤት ስትሄድ ነበር። በኋላም ሥራ ስትሄድ።"

ተነሡና ቁልፉን ከእጄ ወሰዱ። ግራ እጃቸውን ኮፈኑ ጠርዝ ላይ አሳረፉ፤ ወደ ታች እንኳ ሳያዩ ቁልፉን ብሎኑ ላይ አስገብተው ግማሽ ዙር አዞሩ፣ አቆሙም። ልክ ግማሽ ነው፤ እኔ በምልክት የማገኘውን እሳቸው በክንዳቸው ያውቁታል። በየወሩ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት። ስንት ጊዜ እንደሚሆን ማስላት ጀመርኩና ፈርቼ ተውኩት።

ከውጭ ጥሩምባ ተነፋ።

"ምን ልበላቸው ጋሼ?" አለ ልጁ። አይኑን ከእናቱ እጅ ላይ አላነሳም።

እናትየው ቁልፉን መልሰው መዳፌ ላይ አኖሩት።

"የኔን ሠርቻለሁ" አሉ። "የቀረው ያንተ ነው።"

"ይሂዱ በላቸው" አልኩት።

ልጁ ወጣ። የጭነት መኪናው እያጉረመረመ ሲርቅ ጃኬቴን አውልቄ ሰቀልኩ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ሄጄ ሳሙና ለመንኩ። መካኒክ እጁን የሚታጠበው ሥራ ሲጨርስ ነው። እኔ ግን ገና ሳልጀምር እስከ ክርኔ ታጠብኩ፤ የጥፍሬን ሥር ሳይቀር ፈተግኩ፣ ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወርድ ድረስ።