የመድኑ ሰውዬ ሊመጣ ነው!

"ስምሽ ማን ነው የኔ እህት?"

"ሄለን።"

መዝጋቢዋ ሳጂዳ ከመስኮቱ ጀርባ ቀና ብላ አየቻት... ሂጃብ የለበሰች፣ እንቅልፍ ካጣች የሰነበተች የምትመስል ወጣት ናት። ከሚኤሶ ነው የመጣችው።

"እሺ ሄለን... የአባት ስም?"

ሴትየዋ ግራ ገባት። ቀና ብላ ግድግዳውን አየች።

"ሄለን... ጤና!"

ግድግዳው ላይ "የአእምሮ ጤና ክሊኒክ" ተብሎ ተጽፏል እኮ!

"የመድን ካርድሽስ?"

"ቤት ረሳሁት። ቁጥሩን ግን በቃሌ አውቀዋለሁ።"

ጭሮ ከተማ ያለው የዚህ ክሊኒክ ታካሚ ሁሉ ካርዱን ቤት ይረሳል... ቁጥሩን ግን የሚረሳ የለም!

ለምን መሰላችሁ? "እገሌ አእምሮውን ሊታከም ሄደ" መባልን ይፈራላ! ስለዚህ ቁጥሩን በትክክል ይሰጥና ስሙን ይቀይራል።

ክሊኒኩ በአንድ ክፍል፣ በሐኪሙ በሐምዛ ብቻ ሲጀመር ይህ ችግር አልነበረም። ሐምዛ ያክማል፣ ታካሚው ከኪሱ ይከፍላል፣ አለቀ።

አሁን ግን ሥራው አደገ... ሌሎች ባለሙያዎች ተጨመሩ፣ ቦርደዴ ላይ ቅርንጫፍ ተከፈተ፣ ከጤና መድን ጋርም ውል ተፈረመ። አቅም የሌለውም መታከም ቻለ።

የታካሚዎቹን ሂሳብ አዘጋጅታ ለመድኑ የምትልከው ሳጂዳ ናት።

ትልካለች... "ስሙና ቁጥሩ አይገናኝም" ተብሎ ይመለሳል።

ደግማ ትልካለች... አሁንም ይመለሳል።

የሚመልስባትን መርማሪ በዓይኗ አይታው አታውቅም። የምታውቀው ያንን የማይነበብ ፊርማውን ብቻ ነው።

አንድ ቀን ሐምዛ ፊቱ ጠቁሮ ገባ።

"ሳጂዳ... መርማሪው ማክሰኞ ራሱ ይመጣል። ስሞቹ ካልተስተካከሉ ውሉ ይቋረጣል።"

ሳጂዳ ክው አለች። መጀመሪያ የታወሰቻት ያቺ "ሄለን" ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመጣ፣ ገና የወለደችውን ልጅ ማቀፍ እንኳ አቅቷት ነበር። አሁን ግን አዝላው፣ እያጫወተችው ነው የምትመጣው። ከሚኤሶ ጭሮ የትራንስፖርቱን ገንዘብ የምታገኘው በመከራ ነው። መድኑ ከቀረ መምጣቷም ይቀራል... ከዚያ በኋላ ያለውን ሳጂዳ ማሰብ አልፈለገችም።

እየደወለች ታካሚዎቹን ለመነች። "ወላሂ ማንም አይሰማም!" አለቻቸው። እምቢ አሉ።

ብሶቷን የምታወራው ለሂርናው ኦቦ በክሪ ነው። እሱም ታካሚ ነው፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎት ነው የመጣው። "ነጋዴ ነኝ፣ መድን የለኝም" ብሎ ከኪሱ ይከፍላል። ለሳጂዳ ለውዝ ያመጣላታል... እሷ ደግሞ ለውዙን እየበላች መርማሪውን ታማለታለች!

"ኦቦ በክሪ፣ ያ ሰውዬ እኮ ልብ የሚባል አልፈጠረበትም!"

"እንዲህ ነው እንዴ?"

"ፊቱን ባላየውም አውቀዋለሁ... ሎሚ የመጠጠ ነው የሚመስለው!"

ኦቦ በክሪ ለውዙ ትን እስኪለው ይስቃል። ከዚያ ደግሞ ዓይኑን ወደ ተመለሱት ወረቀቶቿ ይጥላል።

ማክሰኞ ደረሰ።

መጠበቂያው ክፍል በሰው ሞልቷል። ሳጂዳ ንጹሑን ጠረጴዛ ደጋግማ ትወለውላለች። በሩ ተከፈተ... ኦቦ በክሪ ነው። ዛሬ ኮት ለብሷል፣ ቦርሳም ይዟል።

"ኦቦ በክሪ፣ በአላህ ዛሬስ ይመለሱ! ያ ሎሚ የመጠጠው ሰውዬ ሊመጣ ነው!"

"መጥቷል" አለ ቀስ ብሎ።

"የታል?!"

"ይኸው... ፊቴን እይው።"

ሳጂዳ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት!

እሱ ግን አልተቆጣም። ወደ ተቀመጡት ሰዎች ዞረ።

"ወገኖቼ... ሙከሚል እባላለሁ። የመድኑ መርማሪ ነኝ። እኔም መድን አለኝ... ግን መሥሪያ ቤቴ እንዳያውቅብኝ ብዬ ከኪሴ እየከፈልኩ፣ በሰው ስም ስታከም ነበር። ስማችሁን ቀየራችሁ ብዬ ወረቀታችሁን እመልሳለሁ... ዞር ብዬ ስሜን ቀይሬ እዚሁ እሰለፋለሁ! ከዛሬ ወዲያ በመታመሜ አላፍርም።"



ድንገት ከጥግ አንድ ሰው ብድግ አለ።

"ቆይ! ሙከሚል እኮ እኔ..." ብሎ አፉን ያዘ።

መርማሪው ዓይኑን ማመን አቃተው። ሂርና ውስጥ አንድ አጥር የሚጋሩት ጎረቤቱ... እውነተኛው በክሪ ነው!

"በክሪ?! እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"አንተ የምትሠራውን ነዋ! ቅድም ልጅቷ 'ስም' ስትለኝ ደንግጬ ያንተን ስም ሰጠኋት!"

"እኔም ያንተን ነው የሰጠሁት!"

ተያዩ... ተቃቀፉ... ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ! ሁለቱ ግን እየሳቁ ያለቅሱ ነበር። ለካ አጥር ለአጥር ተኝተው፣ ሁለቱም ዓይናቸው ፈጦ እያደረ፣ አንዱ ለአንዱ አልተናገረም።

የሚኤሶዋ ሴትም ልጇን እንዳዘለች ተነሳች።

"እኔም... ሄለን አይደለሁም። ስሜ ሙስሊማ ነው።"

"እሱንስ ጠርጥረን ነበር!" አለች ሳጂዳ።

ከዚያማ ሁሉም ወደ መስኮቱ ጎረፈ። ቤት ተረሱ የተባሉት ካርዶች በሙሉ ከየኪሱና ከየቦርሳው ወጡ!

ሙከሚል ሂሳቡ ታርሞ እንዲላክ ጊዜ ሰጠ። ታካሚም ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሙ ሳይሆን በተራ ቁጥር ይጠራል... ስሙን የሚያውቁት ክሊኒኩና መድኑ ብቻ ናቸው። ውሉ ቀጠለ፣ ሙስሊማም ሕክምናዋን ቀጠለች።

ሁለቱ ጎረቤታሞች ደግሞ ቀጠሯቸውን አንድ ቀን አድርገዋል። ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ስለ እንቅልፍ እያወሩ ይሄዳሉ።

ወዳጆቼ... እኛ "ሰው ምን ይለኛል" ብለን የደበቅነውን ሕመም፣ ያ የፈራነው ሰውም ከኛው ደብቆት ይሆናል። መታመም ነውር አይደለም። ቀድሞ የተናገረ ሰው ራሱን ብቻ አያድንም፣ ሌላውንም ያስተነፍሳል።

እስቲ ንገሩኝ... እናንተስ ጭንቀታችሁን ለማን ተናግራችሁ ቀለላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነበዋለሁ።