ለኤፍሬን የሚሆን ማሰሮ

ዶኛ ኤውስቶሊያ አረንጓዴውን ማሰሮ አስቀመጡት፣ መልሰው አነሱት። እንደ ብርጭቆ የሚያብለጨልጭ ነው፤ በአፉ ዙሪያ ጥቃቅን አበቦች ተስለውበታል። በሻላቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉና ወደ ምራታቸው አዞሩት።

«ይሄ ይሆነዋል» አሉ። «ኤፍሬን አረንጓዴ ይወድ ነበር።»

ብሪሂዳ ተቀብላ ገለበጠችው። ከታች ድፍን ነው፤ ከተክል የተረፈ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ የለውም። መልሳ ሰጠቻቸው። ከጠዋት ጀምሮ ዋናውን ነገር አፏ ላይ እያደረሰች ስትመልሰው ነው የዋለችው። አውቶቡስ ውስጥ ልትነግራቸው ስትል አማቷ ትከሻዋ ላይ ጋደም ብለው አሸለቡ። ገበያው በር ላይ ልትነግራቸው ስትል የሚያውቁት ሰው አገኙና ወሬ ያዙ። አሁን የኦኮትላን የዓርብ ገበያ ሊበተን ነው፤ አንዳንዱ ነጋዴ ሸራውን መጠቅለል ጀምሯል። ሰኞ ልጇን ዙሌማን ይዛ ወደ ሰሜን፣ ሞንቴሬይ ወዳለችው እህቷ እንደምትሄድ ግን ዶኛ ኤውስቶሊያ ገና አያውቁም።

የብሪሂዳ ባል፣ የዶኛ ኤውስቶሊያ ልጅ ኤፍሬን የሞተው ባለፈው የዝናብ ወራት ነው፤ የሚሠራበት የድንጋይ ካባ ተንዶበት። መቃብሩ ከመንደሩ በላይ፣ ኮረብታው አናት ላይ ነው። እሑድ እሑድ ብሪሂዳ በአንድ እጇ የውሃ ባልዲ፣ በሌላው የአማቷን ክንድ ይዛ ዳገቱን ትወጣለች። የዶኛ ኤውስቶሊያ ጉልበት ያለ እሷ ግማሽ መንገድም አያደርሳቸውም። የሚወስዱት አበባ ደግሞ ሳምንት ሳይሞላው ይደርቃል። ለዚህ ነው ኤፍሬን በሕይወት ሳለ ከገደል ነቅሎ ያመጣትን፣ ግቢ ውስጥ በዘይት ቆርቆሮ የምትኖረውን ተክል መቃብሩ ላይ ሊያኖሯት የተነሡት። ቅጠሎቿ ውሃ የቋጠሩ፣ ወፍራምና ድርብርብ ናቸው፤ የአገሩ ሰው የድንጋይ ጽጌረዳ ይላታል። ሐሳቡን ያመጣችው ብሪሂዳ ናት። ምን አስባ እንዳመጣችው አልተናገረችም።

ሻጯ ጉንጉኗን በቀይ ጥብጣብ ያሰረች ደልዳላ ሴት ናት። ምን ሊተክሉበት እንደሆነ ጠየቀቻቸውና ሲነግሯት አረንጓዴውን ማሰሮ አይታ አይሆንም በሚል ራሷን ነቀነቀች። ላዩ የተቀባ ሸክላ ውሃውን አምቆ እንደሚያስቀር፣ ይህቺ ተክል ደግሞ ሥሯ ርሶ ከሰነበተ ከውስጥ እንደምትበሰብስ አስረዳቻቸው። ቀዩ፣ ያልተቀባው፣ ይተነፍሳል፤ ከታችም የተበሳ ነው። ከተክሏ በጣም የሰፋ እንዳይወስዱም መከረቻቸው፤ አፈር በበዛ ቁጥር እርጥበት ይበዛል።

ዶኛ ኤውስቶሊያ አረንጓዴውን አልለቀቁም። «ውሃውን አሳንስላታለሁ። በየሳምንቱ እየሄድን አይደል? ጠብ ጠብ እያደረግን ነው የምንሰጣት።»

«ዝናቡ ሲመጣስ፣ እናቴ? ሰማዩንም አሳንስ ሊሉት ነው?» አለች ሻጯ እየሳቀች።

«ሲዘንብ ብሪሂዳ ሮጣ ወጥታ ትደፋዋለች። የዚህችን እግር አታዪም? ፍየል ናት እኮ።»

አሮጊቷና ሻጯ ተያይተው ሳቁ።

«እማማ፣ ቀዩን እንውሰድ» አለች ብሪሂዳ።

«የድሃ ዕቃ ይመስላል።»

«ይምሰል። የሚደፋው ሰው አይኖርም።»

ዶኛ ኤውስቶሊያ ቀና ብለው አዩዋት። ብሪሂዳ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው፤ እህቷ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ እንዳገኘችላት፣ ማደሪያም እንዳላት፣ መንደሩ ውስጥ የሰው ልብስ እያጠበች ዙሌማን ማሳደግ እንዳቃታት፣ ብዙ ጊዜ ልትነግራቸው እያሰበች አፏን እንደያዛት። ሻጯ ጀርባዋን ሰጥታ የተስተካከሉትን ማሰሮዎች እንደገና ታስተካክል ጀመር።

«መቼ ነው?»

«ሰኞ።»

«ልጅቷንም?»

«ልጅቷንም።»

ብሪሂዳ ለልቅሶ ተዘጋጅታ ነበር። ለእርግማንም ተዘጋጅታ ነበር፤ ምን ብላ እንደምትመልስ ሌሊቱን ስታጠና አድራለች። አሮጊቷ ግን አላለቀሱም፣ አልረገሙም። ብሪሂዳም በየዓመቱ የሞቱ ሰዎች ለሚታሰቡበት ለሙታን ቀን ተመልሳ እንደምትመጣ፣ አብረው ዳገቱን እንደሚወጡ ተናገረች። እውነት ይሁን ውሸት ራሷም አላወቀችም። ዶኛ ኤውስቶሊያ አረንጓዴውን ማሰሮ ከጓደኞቹ መካከል ቀስ አድርገው አስቀመጡትና ወደ ሻጯ ዞሩ።

«ነፋስ የማይጥለው የትኛው ነው? ቦታው ገላጣ ነው። የሚያነሳው የለም።»

ሻጯ ከኋላዋ ቁመቱ አጠር፣ ቂጡ ሰፋ ያለ ቀይ ማሰሮ አውጥታ ሰጠቻቸው። ዶኛ ኤውስቶሊያ ጣታቸውን በቀዳዳው አሾለኩ።

«ውሃ ሳታገኝ ምን ያህል ትቆያለች?»

«ከዝናብ እስከ ዝናብ።»

«ማንም ባይመጣስ?»

ሻጯ ብሪሂዳን በጎን አየት አደረገቻትና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሰው አትፈልግም፣ እናቴ።»

«እንግዲያው ይህ ነው» አሉ ዶኛ ኤውስቶሊያ።

ብሪሂዳ ልትሸከምላቸው እጇን ዘረጋች። አልሰጧትም። ማሰሮውን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው፣ ስንጥቅ እንዳለው እንደሚመረምር ሰው፣ በጣታቸው አንጓ አንኳኩት። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። «ደህና ነው፣ አንዳች አላገኘውም» አለች ሻጯ። አሮጊቷ ግን ጆሯቸውን አላነሱም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ልጃቸው ከውስጥ እንዲመልስላቸው የሚጠብቁ ይመስል፣ እንደገና አንኳኩ።