ቅሬው የተከለው ድንኳን

ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር የሀያት እናት ወይዘሮ ከድጃ እንደ ልማዳቸው ግቢውን እየዞሩ ባልዲውንም፣ ድስቱንም፣ የልጅ ኩባያ ሳይቀር አንድ በአንድ ደፉ። ዝናብም የውሃ ኩባንያው ንብረት ነው ከተባለ ወዲህ፣ አፉን ወደ ሰማይ የከፈተ ዕቃ የተገኘበት ቤት ቧንቧው ይቆረጥበታል።

"ዛሬስ አንደፋም!" አለች ሀያት። እሷና የሰፈሩ ወጣቶች የቅሬውን፣ የሰፈሩን የቀብር ዕድር፣ የለቅሶ ድንኳን ከጠዋት ጀምሮ መንገዱ ላይ ተክለዋል። ጣሪያውን መሀል ላይ አርግበው ቀዳዳ አበጅተውለታል፤ ከሥሩ ትልቅ በርሜል አቁመዋል።

"አብደሻል? መጥተው ይነቅሉታል!"

"የለቅሶ ድንኳን ማን ደፍሮ ይነቅላል፣ እማ?"

ዝናቡ ወረደ። በርሜሉ ገና ከመጋመሱ የኩባንያው ዘበኛ እየሮጠ መጣ። ድንኳኑን ሲያይ ግን እግሩ ተያዘ። የዚያው አገር ልጅ ነውና ቆቡን አወለቀ።

"ማን ሞቶ ነው?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሀያት ልትመልስ ስትል፣ ቆቡ ሲወልቅ ያዩት እናቷ ቀደሟት።

"ምንጫችን ነው፣ ልጄ። የናንተ ፓምፕ ካደረቀው ሦስት ዓመት ሆነ፤ እስከ ዛሬ አላለቀስንለትም። ግባና ተቀመጥ።"

ዘበኛው በርሜሉን አየ። "ይሄስ ውሃ፣ እትዬ?"

ወይዘሮ ከድጃ ቅድም የደፉትን የልጅ ኩባያ አንስተው ከበርሜሉ ሞልተው ቀዱና ወደ ፊቱ ዘረጉለት።

"እንባችን ነው። እስቲ ይሄንንም የኩባንያው ነው በለኝ!"