የእትዬ አትጠገብ ጋቢ

በነፃ የመጣው የጡት ካንሰር መድኃኒት ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ነው፤ የሚሰጠውም የካንሰሯ ዓይነት ተመርምሮ «ፖዘቲቭ» ለሆነላት ሴት ነው። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ውጤቶቹን ከዶክተሩ ቀድሞ አያቸው። እዚያው በጡት ካንሰር የተኛችው የእህቱ «ኔጌቲቭ» ይላል። ከጎኗ አልጋ የተኙት የእትዬ አትጠገብ ግን «ፖዘቲቭ»።

ስሞቹን አቀያይሮ አዲስ ወረቀት ላይ ጻፈ። ማህተሙም እጁ ላይ ነበር።

እትዬ አትጠገብ «ለእርስዎ አይሆንም» ተብለው ወደ አገራቸው ተሸኙ። ሲወጡ ጋቢያቸውን ለእህቱ ተዉላት።

«እንኳን ለአንቺ ደረሰሽ። እኔስ ልጆቼን አሳድጌአለሁ» አሏት።

መድኃኒቱ በእህቱ ክንድ መንጠብ ሲጀምር ዶክተሩ ፈገግ አለ።

«እድለኛ ነሽ። የአንቺ ካንሰር ሴሎች ጆሯቸው ብዙ ነው፤ ‹እደጉ፣ ተባዙ› የሚለውን ትእዛዝ የሚሰሙት በዚያ ነው። ይሄ መድኃኒት ጆሯቸውን ይደፍነዋል።»

«ኔጌቲቭ የሆነች ሴት ብትወስደውስ?» አለ ወንድሟ።

«የእሷ ካንሰር ምን ጆሮ አለውና ይደፈናል? ውሃ ብንሰጣት ይሻላል፤ ይሄ ልቧንም ይጎዳታል።»

«ብርድ ብርድ አለኝ» አለች እህቱ።

ወንድሟ ጋቢውን አንስቶ ደረበላት።