የበጋው ማሞቂያ

በባሕር ማዶዋ ከተማ በሰንደርላንድ ሐምሌ በጋ ነው። ሰው ሁሉ መስኮት ከፍቶ በሚተኛበት በዚያ ወር የኪራን ቤት ማሞቂያ አልጠፋ አለ።

ኪራን ግድግዳው ላይ ያለውን መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገው። ለውጥ የለም። ውሃውን የሚያሞቀውን ቦይለር ጨርሶ ሲያጠፋው የሚታጠቡበት ሙቅ ውሃ አብሮ ይቋረጣል፤ መልሶ ሲያበራው በየክፍሉ ያሉት የማሞቂያ ብረቶች እጅ እስኪያቃጥሉ ይግላሉ።

ቅቤው ሳህን ላይ ዘይት ሆነ። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ትል ፈላ። የግድግዳው ወረቀት እንደ ሰው እያላበው ከየጥጉ ተላቀቀ። ከሁሉ የከፋው ግን ሽታው ነበር። የቆመጠጠ ወተትና የእርጥብ ሱፍ ሽታ፣ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ።

ሽታው ከማን እንደሚመጣ ለማወቅ ኪራን ጠንቋይ አላስፈለገውም።

አማቱ ዊልፍ ወደ ቤታቸው የገባው በየካቲት፣ የኪራንና የሚስቱ የሊያን ሕፃን ኤልሲ በሳንባ ምች ሞታ የተቀበረች ሰሞን ነው። ልጁን ሊያንን ላጽናና ብሎ መጣ፤ በዚያው ቀረ። ድሮ መርከብ ሲበይድ የኖረ ሽማግሌ ነው። በዚያ ሙቀት እንኳ ቢጫ ሹራቡን አያወልቅም፤ የእጅጌው ጫፍ ተተርትሮ ክሩ ይንጠለጠላል። በጭስ የደረቀ ዓሣ በወተት ቀቅሎ ይበላል። ሰው ሠራሽ ጥርሱን በሻይ ኩባያ ይዘፈዝፋል፤ ኪራን አንድ ቀን ሳያይ ሊጠጣው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳያሸት ከኩባያ አልጠጣም።

ሊያን ስለ ሽታውም ስለ ሙቀቱም ቃል አይወጣትም። ስታጥብ ትውላለች። እጆቿ በሳሙና ቀልተው ተሰነጣጥቀዋል። ኪራን ይህንንም ዊልፍ ላይ ጫነው። የሽማግሌው አንሶላ ነው እንዲህ የሚያደርጋት አለ በልቡ።

ባዝ የሚባል የማሞቂያ ጥገና ሠራተኛ መጣ። ገና በሩ ላይ አፍንጫውን በክንዱ ሸፈነ።

«አለቃ፣ እዚህ ቤት ምን ሞቶ ነው?»

ኪራን በአገጩ ወደ ዊልፍ ክፍል አመለከተው። ባዝ ሳቀ።

ባዝ ደረጃው አናት ላይ ያለውን ቁም ሣጥን ማየት ፈለገ። የሙቅ ውሃው ታንከር ያለው እዚያ ነው፤ የታጠበ ልብስም ታንከሩ ላይ ተዘርግቶ እርጥበቱ ይወጣለታል። የሊያን ጓዳ በመሆኑ ኪራን ከፍቶት አያውቅም። ሊያን ላስለቅቅላችሁ ብላ ቀድማ ወጣች፤ ፎጣ የለበሰ ቅርጫት በደረቷ አቅፋ ወረደች። ኪራን ልቀበልሽ ቢላት አልሰጠችውም።

ባዝ እየሠራ ያወራል። የእሱም ሚስት ከወለደች ወዲህ ቁም ሣጥኑን ጠቅልላ ወርሳዋለች፤ ያልሞቀ ልብስ የሕፃን ደረት ከነካ ይገድላል ትላለች። ማንም አልሳቀለትም።

ከዚያ ኪራንን ወደ ላይ ጠራው። ከታንከሩ ጎን ሙቅ ውሃ ወደ ብረቶቹ የሚለቅ ቧንቧ ላይ ትንሽ እጀታ አለች። እጀታዋ ተጎትታ በክር ታስራለች።

«ብልሽት አይደለም፣ አለቃ። ይቺ ታስራ እያለ ታች ስትነካካ ብትውል ከንቱ ነው። ሰው ነው ያሰራት።»

ክሩን ቆርጦ ኪራን መዳፍ ላይ አኖረለት። ቢጫ ሱፍ ነው።

ኪራን ወርዶ የዊልፍን እጅጌ አየ። ከዚያ ክሩን ሽማግሌው ፊት ዘረጋው።

«እርስዎ ነዎት?»

ሽማግሌው ልጁን አየ። ሊያን ቅርጫቱን እንዳቀፈች ማጠቢያው አጠገብ ቆማለች።

«እኔ ነኝ» አለ። «አጥንቴን ይበርደኛል።»

«እኛ በቁማችን ስንገማ?»

«እኔ ነኝ አልኩህ እኮ፣ ልጄ። በቃ።»

ብረቶቹ በዚያው ቀን ቀዘቀዙ። ኪራን ግን ልቡ አልቀዘቀዘም። ከከተማው ዳር ባለ የአረጋውያን መኖሪያ አልጋ መገኘቱ ቀድሞ ተነግሮት ነበር፤ ለሊያን ሲል ነው ያዘገየው። አሁን ደውሎ ቅዳሜ ዊልፍን እንደሚያመጣው ነገራቸው። ሊያን አልተቃወመችም። አባቷ ደረት ላይ ግንባሯን አሳርፋ ቆይታ ወደ ልብስ ማጠቢያዋ ተመለሰች።

ሻንጣው ሲዘጋ ዊልፍ የኪራንን እጅ ያዘ።

«እስከ መኸር ልቆይ። እሷን ብቻዋን ቤት አትተዋት።»

ኪራን ሰበብ ሰልችቶታል። የሽማግሌው መዳፍ በላብ ርሶ ነበር። ኪራን እጁን አስለቅቆ ሱሪው ላይ ጠረገው።

አድርሶት ሲመለስ ቀጥታ ወደ ዊልፍ ክፍል ገባ። የዓሣ መቀቀያውንና ኩባያውን ለመጣል ከረጢት ውስጥ ከተተ። አፍንጫውን ይዞ አንሶላውን ገፈፈ፣ ፍራሹን ገለበጠ። አፍንጫውን ለቀቅ ሲያደርግ የሳሙና ሽታ ብቻ ነው የሸተተው።

ወደ መተላለፊያው ወጣ። የቆመጠጠው ወተት እዚያው ነበር። ግድግዳውን ሲደገፍ ብረቱ ክንዱን ለበለበው።

ታች ልብስ ማጠቢያው ይዞራል። ኪራን ደረጃውን ወጣና ቁም ሣጥኑን ከፈተ። ሽታው ከዚያ ውስጥ ወጥቶ ፊቱን መታው።

እጀታዋ በአዲስ ቢጫ ክር ታስራለች፤ ታንከሩ ላይ የኤልሲ ትንንሽ ሹራቦች ገና እርጥብ እንደሆኑ በወግ በወጉ ተዘርግተዋል፤ የቢጫዋ አንድ እጅጌ እስከ ትከሻው ተተርትሮ አልቋል።