የሃያ ደቂቃ ድምፅ

ለአንድ ቤት በቀን የሚፈቀደው ድምፅ ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። ከሰባት ዓመት የሙዚቃ ትምህርት በኋላ ከሄልሲንኪ ስመለስ፣ አክስቴ ወርቅያንጥፉ ቃል ሳትተነፍስ ጉንጬን አገላብጣ ሳመችኝ። የተቀየመችኝ መሰለኝ። ባሏ ጋሽ ዳምጤ የድስቱን ክዳን በጨርቅ ጠቅልለው ሲከድኑ ሳይ ግን ገባኝ፤ ቀኑን ሙሉ ድምፅ የሚቆጥቡት ለክራሯ ነው።

ጡረታ ከወጣች በኋላ በራሷ የተማረችውን ባቲ መታችልን። አንድ ቦታ ጣቷ ሲስት ሳቀችና ቀጠለች። እኔ እንዲህ ተደስቼ ተጫውቼ አላውቅም። ኮራሁባት።

ስትጨርስ ግድግዳው ላይ ባለው የድምፅ ቆጣሪ ሁለት ደቂቃ ቀረ። ስለ ኑሮዬ ልትጠይቀኝ ነው ብዬ ተጠጋሁ።

«የኔ ልጅ፣ እንኳን ደህና መጣህ» አለች ክራሯን ሳታስቀምጥ። «የሳትኳትን ልድገማት፤ ወሬውን ነገ።»

ወንበሩ እንዳይንቋቋብኝ ቀስ ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ።