ያልተነሳ ጥሪ

ሰው ስልኩን በጭንቅላቱ ውስጥ መሸከም ከጀመረ ወዲህ፣ እያንዳንዱ ጥሪ ከትዝታው ላይ ጥቂት ቦታ ይወስዳል፤ ሲዘጋም ይመልሳል። የአቶ ምትኩ ስልክ ግን አልመልስ ብሎ፣ ሰውየው ከዕለት ወደ ዕለት ይረሳ ጀመር። ሚስቱ አስካለ ኮድ መጻፍን ራሷን ያስተማረች ሴት ናትና፣ ትዝታው የሚፈስበትን ቀዳዳ ፍለጋ የስልኩን ኮድ ስታነብ ሰነበተች።

ዛሬ አገኘችው። የተነሳ ጥሪ ሲዘጋ ቦታውን ይለቃል፤ ያልተነሳ ጥሪ ግን እንደያዘ ይቀራል። ማን ነው የማያነሳለት ብላ ብታይ፣ ሁሉም የተደወለው ወደ አንድ ቁጥር ነው፤ ወደ ሞተችው ልጃቸው። እሷን በጠራ ቁጥር የእሷኑ ትዝታ ሲያጣ ኖሯል።

«እመቤቴ፣ አደራሽን» ብላ የጎደለችውን አንዲት የኮድ መስመር ጨመረችና ኮዱን ወደ ባሏ ስልክ ላከችው። የፈሰሰው እንደማይታፈስ ታውቃለች፤ የፈራችው ለቀረው ነው።

«አንቺ፣ ምሳው ቀዘቀዘ እኮ! ከኮምፒውተሩ ጋር ነው እንዴ የተጋባሽው?» አለ ምትኩ ከገበታው።

«መጣሁ፣ አንተ ደግሞ!»

አማትቦ ዳቦውን እንደ ወትሮው ሦስት ቦታ ቆረሰ። ሦስተኛውን ግን በእጁ እንደያዘ ቀረ።

«ይቺ... የማን ነበረች?»

አስካለ አፏን ስትከፍት፣ «ቆይ፣ እንዳትነግሪኝ!» አላት። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። እሷ በሆዷ ትጸልያለች።

«የውዳሴ፣ የልጃችን!» አለ በመጨረሻ፣ ፊቱ በርቶ። «ምን አስቆያት ግን? ልደውልላት እንዴ?»

አስካለ ቁራሹን ከእጁ ተቀብላ በሰሃን ከደነችው።

«ደውልላት» አለችው። «ከእንግዲህ አይጎዳህም።»